የቢርካዋ ሸረሪት ዋስ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለስብሰባ ጅጅጋ ሄጄ ነበር። ስለ ምን እንደተሰበሰብን አትጠይቁኝ፤ ያኔም አልገባኝም። የሻይ እረፍት ሲባል ሹልክ ብዬ ወጣሁና የስልክ ቻርጀር ፍለጋ አንድ አዲስ ፎቅ ምድር ቤት ወረድኩ። ደረጃውን ስጨርስ ሽታው ተቀበለኝ፤ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የቆመ ውሃ፣ ትንሽ የዛገ ቆርቆሮ። ከፕላስቲክ ጫማው ክምር በላይ፣ ጣሪያው ከግድግዳው በሚገናኝበት ጥግ፣ አንዲት እግረ ረጅም ሸረሪት ተገልብጣ ተንጠልጥላለች። ድሯን በጣቴ ጫፍ ነካሁት። መርገብገብ ጀመረች፤ ከመፍጠኗ የተነሳ መጀመሪያ ጭስ መሰለች፣ ቀጥሎ ጭራሽ ያልነበረች መሰለች። ባለሱቁ፣ ጢሙ ገና ያላማረለት ወጣት፣ መጥረጊያውን አነሳ።

“ተዋት” አልኩት።

“ጋሼ፣ መርዘኛ ናት።”

“ማን ነገረህ?”

“ሁሉም ሰው ያውቃል።”

ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር ስፈራ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎኛል። ፍርሃቱ የጀመረኝ እዚችው ከተማ ውስጥ፣ ከዚያ ምድር ቤት ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እጅ የተነሳ ነው።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ነበር። ዓመቱን በቁጥር መጥራት ይቻል ይሆናል፤ ዓመተ ምሕረት አጥብቀው የሚያስታውሱ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የሚያስታውሱት ነገር የላቸውም። እኔ የማስታውሰው ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት መንገድ ላይ የፈረስ ጋሪ በሃምሳ ሳንቲም መሳፈሬን ነው። የግመል ወተት የገባበት ሻይ በትንሽ ብርጭቆ እየቀረበ፣ ዋጋው ከስኳር መወደድ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ሴቶቹ ነፋስ የሚጫወትበትን ስስ ዲራ ለብሰው በአቧራው መሃል አቧራ ሳይነካቸው ያልፋሉ፤ እንዴት እንደሚችሉበት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ወንዶቹ ከላይ የቢሮ ኮት ከታች ሽርጥ ያደርጋሉ። ይህን አለባበስ አዲስ አበባ ሆነው የሳቁበት ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን የመንግሥትን ሥራ ጠባይ በልኩ የገለጸ ሌላ ልብስ አላየሁም። በግቢያችን ማዕዘን ላይ የነበረው ካሴት ቤት ጠዋት የሶማልኛ የዑድ ዘፈን፣ ከሰዓት የአማርኛ የፍቅር ዘፈን ይለቃል፤ ባለቤቱ ጠዋት ነጋዴው፣ ከሰዓት ደሞዝተኛው ገንዘብ እንዳለው ያምን ነበር። ስለ ደሞዝተኛው ተሳስቷል። እኔ ራሴ፣ ከወታደር አባቴ ከአንድ ካፖርት በቀር ምንም ያልወረስኩ የከተማው ልጅ፣ ሥራ በሌለው ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩት በእውቀት ጥማት ሳይሆን በዚያ ቢሮ ነው።

የምኖረው ከኤዶ ሳፊያ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ዝምድና የሌለንም ሁላችን ኤዶ እንላታለን። ሻርፕና የምኝታ ልብስ የምትነግድ መበለት ናት። ባሏ ሳይሞት ያስቆፈረላት ቢርካ ግቢው መሃል ነበር፤ ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ከላይ በእንጨትና በቆርቆሮ የተከደነ ትልቅ ጉድጓድ ነው። በጅላል፣ ዝናብ በማይነካን በዚያ ረጅም የደረቅ ወቅት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ የሚሰለፈው እሷ ዘንድ ነው። አብራት የምትኖረው ኢፍራህ፣ በርበራ ለንግድ ሄዶ የቀረው ወንድሟ ልጅ፣ የፊት ጥርሶቿ ሲወልቁ በክፍተቱ ማፏጨት የተማረች፣ ግቢውን በፉጨት የምታስተዳድር ልጅ ነበረች።

ከክፍሌ ጎን ባለችው ክፍል መምህር ታደሰ ይኖራል። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ በከተማው አንድም ዘመድ የለውም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቢርካው አፍ ላይ በሆዱ ይተኛና በአንድ እጁ የመስተዋት ስባሪ ይዞ ፀሐይዋን ወደ ጨለማው ይልካል፣ በሌላው አጉሊ መነጽር ይይዛል። ከክዳኑ ሥር በመቶ የሚቆጠሩ እግረ ረጅም ሸረሪቶች ተንጠልጥለው ይኖራሉ። ታደሰ እነሱን ለሳይንስ አስተዋውቃለሁ ብሎ ተነስቷል። የነበረው አንድ ያረጀ መጽሐፍ የአውሮፓ ቤቶችን የምድር ቤት ሸረሪት ብቻ የሚያውቅ ሲሆን፣ የኤዶ ሳፊያ ሸረሪት ያንን አትመስልም። የመጽሐፉ ሸረሪት ሆዷ ረዘም ያለ ሞላላ ነው፤ የኛዋ ግን ከጎን ሲያዩዋት ሆዷ አራት ማዕዘን ሊሆን ፈልጎ የተወው ይመስላል፣ ከኋላ ወደ ላይ ሾጠጥ ያለ ጉብታ አለው። ቀለሟ የአቧራ ቀለም ነው። እግሮቿ እንደ ክር፣ ከአካሏ ብዙ እጥፍ የረዘሙ፤ ነጠብጣብ የሞላባቸው፣ በየጉልበቱ ጠቆር ያለ ቀለበት ያላቸው ናቸው። እናቲቱ እንቁላሏን በጥቂት ድር ጠቅልላ እስኪፈለፈል በአፏ ይዛ ትዞራለች። “ስም ከማውጣት በፊት መልክ መናገር” ይላል ታደሰ፤ ግን መልኩም ያለ ወንዱ አይሟላም፣ ምክንያቱም ሸረሪት ከሸረሪት የሚለየው ወንዱ ከአፉ ፊት ባሉት ሁለት አጫጭር እጆች ቅርጽ ነው። ወንዱ አልገኝ ብሎታል። “ያገባ ወንድ ቤት ይገኛል እንዴ?” ትለዋለች ኤዶ ሳፊያ።

ያን ቀን ጠዋት ሰልፉ ገና አልረዘመም። የባልዲው ገመድ ክዳኑና ድንጋዩ መሃል ተቀረቀረና ኢፍራህ ልታላቅቅ እጇን ወደ ክፍተቱ አስገባች። ጮኸች። ስታወጣው አንዷ እግረ ረጅም ሸረሪት እጅጌዋ ላይ ተለጥፋለች፤ ኤዶ ሳፊያ ጫማዋን አውልቃ በአንድ ምት ደፈጠጠቻት። ሰልፉ በሙሉ አይቷል። የሻዩ ውሃ ሳይፈላ የልጅቱ አይበሉባ እንደ ሊጥ ተነፋ።

የኢፍራህ አባት አጎት አዴር ጃማ ያኔ ከቀብሪበያ ከብት ሊሸጥ መጥቶ ከተማ ነበር። አዴር ማለት አጎት ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ በትሩን ከእጁ የማይለይ የጎሳው ሽማግሌ ነው። ተጠርቶ ሲመጣ ለፍየሎቹ የገዛውን የመዥገር መድኃኒት በጋሎን እንዳንጠለጠለ ነበር። የልጅቱን እጅ አየ፣ የጫማውን ሶል አየ፣ ከዚያ ቢርካውን አየ።

“ሸረሪት ናት” አለ። “ሸረሪት ከሆነች ሁለት ሦስት ቀን ታሳብጣታለች፣ ከዚያ ይተዋታል። ልጅቱን አስተኟት። ይህን ደግሞ ግድግዳው ላይ እረጭና ዘራቸውን አጠፋለሁ።”

“አዴር፣ ውሃው እኮ ይመረዛል” አልኩ።

“ዋርያ፣ አሁን ያልተመረዘ መሰለህ?”

እውነቱን ልናገር፤ ሰውየው የሚያወራው ከንቱ አልነበረም። ልጅቱን እባብ ነክሷት ቢሆን የመርዙ ማርከሻ መርፌ ሐረር ካልተሄደ አይገኝም። የሐረር መንገድ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከካራማራ ተራራ ወዲያ፣ ወደ ባቢሌ መውረጃው ላይ፣ ማን እንደሆኑ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ታጣቂዎች ያሉበት ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ጭነት መኪና ያለ ሹፌሩ ተገኝቷል። ለሸረሪት ብሎ ልጅ ወደዚያ የሚልክ ሰው እብድ ነው። ለእባብ ብሎ የማይልክም እንደዚያው። ስለዚህ የኢፍራህ ነፍስ የተንጠለጠለው ጫማ ሶል ላይ የተለጠፈችው ነገር ምን እንደሆነች በማወቅ ላይ ነበር።

ታደሰ ከክፍሉ ሽርጡን እያጠበቀ ወጣ። ሸረሪቷን ከሶሉ ላይ በጭራሮ ጫፍ ቀስ ብሎ አላቀቃት። በአጉሊ መነጽሩ አያትና ልጅቱ እጅ ላይ አስተኛት። አይበሉባዋ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ሸረሪቷ ከራስ እስከ ጉብታ በሁለቱ መሃል ተጋድማ ቦታ ተረፈ።

“አዴር፣ ይዩት። አፏን የት አድርጋ ነው እዚህም እዚያም የነከሰችው?”

“ሁለቴ ነክሳ ነዋ።”

“ሁለቴ?”

“አንዴ የነከሰ ሁለተኛውን ማንን ያስፈቅዳል?”

ከሰልፉ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ታደሰ አልሳቀም። “ኢፍራህ፣ እስቲ ትፊ የኔ ልጅ” አላት። ተፋች፤ ምራቋ ሮዝ ነበር። “ይኸው፣ ድድዋ እየደማ ነው፤ የእባብ መርዝ ነው እንዲህ የሚያደርገው” አለ።

“ጥርሷ እየወለቀ እኮ ነው” አለች ኤዶ ሳፊያ በተሰበረ ድምጽ፣ የልጅቱን ከንፈር ገልባ እያሳየች። ትላንት የወለቀው ቦታ ገና ቀይ ነበር።

እብጠቱ አንጓዋን አልፎ ወደ ክርኗ ጀመረ። ልጅቱ ማልቀሷን ትታ ነበር፤ ከለቅሶው ዝምታው ያስፈራ ነበር።

“እባብ ነው” አለ ታደሰ። “ለእርጥበቱ የመጣ እባብ ድንጋዩ ሥር አለ። ሸረሪቷ ገመዱ ሲነቃነቅ ወደቀች እንጂ ይህችን ቆዳ የምትበሳበት አፍ የላትም።”

“እባቡን አየኸው?”

“አላየሁም።”

“እኛ ሸረሪቷን አይተናታል። አንተ ባላየኸው እባብ ነው ልጄን ወደ ሐረር ውሰዱ የምትለኝ?”

“ባላየሁት እባብ አይደለም አዴር፤ ባየኋት ሸረሪት ነው።”

አዴር ጃማ በትሩን መሬት ላይ ተከለ። “መልካም። ማን ይቆምልሃል?”

ይህን ጥያቄ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በዚያ አገር የሰው ቃል የሚመዘነው ቃሉ ሐሰት ሆኖ ደም ቢያስከትል፣ ካሳውን አብረው በሚከፍሉለት ሰዎች ነው። ሶማሌው ካሳውን ማግ ይለዋል፤ እያንዳንዱ ወንድ አብሮት ማግ የሚከፍል ወገን አለው። ወደ ሐረር የምትሄደው መኪና መንገድ ላይ ብትመታ የአራት ሰው ደም ነው፤ በማን ቃል ሄዱ? ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ ወዲህ እውቀት እንዴት ይረጋገጣል የሚሉ ወፋፍራም መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ። የተሳሳተው ሰው ዕዳ በማን ላይ ነው ብሎ የጠየቀ አንድም አላገኘሁም፤ ባገኝ ኖሮ መጻሕፍቱ የሚሳሱ ይመስለኛል።

“ማንም የለኝም” አለ ታደሰ።

አፌን ስከፍት አዴር ጃማ ሳያየኝ “አንተ ተወው፤ ተከራይ ለተከራይ አይቆምም” አለኝ።

“እኔ እቆማለሁ” አለች ኤዶ ሳፊያ።

“ሳፊያ፣ ሴት ለማግ እንደማትቆም ታውቂያለሽ።”

“ሴት ካልቆመች ቢርካው ይቁም” አለች። “በስሜ ነው የተቆፈረው። ሰውየው ከተሳሳተ ውሃውም ግንቡም የናንተ ነው። አሁን ከመንገዴ ዞር በል አዴር፣ ልጅቷ እየሄደችብኝ ነው።”

ዞር አለ። ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ ወሬው እስኪመጣ መምህሩ ከግቢው አይወጣም፣ ከቢርካውም ማንም ውሃ አይቀዳም። የጎረቤቱ ነጭ ፒክአፕ ኢፍራህን በኤዶ ሳፊያ ጭን ላይ አድርጎ፣ ባለቤቱና ረዳቱ ከፊት ሆነው፣ ወደ ካራማራ አቧራውን እያስነሳ ሄደ።

ቀጥሎ ያለው መጠበቅ ነው። ያኔ ሞባይል የለም፤ ዛሬ ልጆቻችን “ደርሰናል” ብለው ባይደውሉ በሩብ ሰዓት የምንታመመው ሰዎች፣ ያኔ ቀኑን ሙሉ የምንፈራበት ጉልበት ከየት እንዳመጣነው አላውቅም። አዴር ጃማ ቢርካው ጠርዝ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ጋሎኑን በእግሮቹ መሃል አድርጎ። ታደሰ ትይዩው ተቀመጠ። ሰልፈኛው ጀሪካኖቹን ተራ አስይዞ ጥላ ሥር ገባ፤ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ካሴት ቤቱ ዑዱን አጠፋ።

ታደሰ ሲጨንቀው እጁ ወደ መስተዋቱ ሄደ። ብርሃኑን ክዳኑ ሥር ላከው።

“ምን ታያለህ?” አለ አዴር ጃማ ብዙ ቆይቶ።

“ሴቶቹን።”

“ወንዱስ?”

“ስፈልገው ዓመት አልፎኛል። እሱን ሳላይ ስሟን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።”

ሽማግሌው ጋሎኑን ከእግሩ መሃል ወደ ጎን አደረገው። “ስሟን ሳታውቅ ነው የሴትዮዋን ቢርካ ያስያዝክባት?”

“ስሟን አላውቅም አዴር። አፏን ግን አውቀዋለሁ።”

እጅጌውን ጠቀለለና ከክዳኑ ሥር አንዷን በጭራሮ አንስቶ ክንዱ ላይ ለቀቃት። ሄደች፣ ቆመች፣ ተርገበገበች። ተጫናት፤ እግሯን ሰብስባ ለማምለጥ ሞከረች እንጂ ምንም አላደረገችም። “የደጋ ቆዳ ነው፣ አይጥማትም” አለ አዴር ጃማ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ክንድ ዘረጋ። ሸረሪቷ በሽበቱ መሃል እየተራመደች እስከ ሰዓቱ ደረሰች። ከብት ሲገዛ እንደሚያይ አድርጎ አያት፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ።

በዚህ መሃል አንድ ሚኒባስ ከባቢሌ በኩል ገብቶ በራችን ላይ ቆመ፤ የጎኑ መስተዋት ረግፏል። ሹፌሩ ውሃ ለመነ፣ አልተሰጠውም።

“ነጭ ፒክአፕ አይተሃል?” አለው አዴር ጃማ፣ ክንዱን እንደዘረጋ።

“አይቻለሁ። ባቢሌ ሳይደረስ፣ ከመንገድ ዳር። በሯ ተከፍቶ።”

“ሰዎቹስ?”

“ወላል፣ ወንድሜ፣ እየተተኮሰ ማን ወርዶ ያያል?”

አዴር ጃማ ሸረሪቷን አራገፋት። ታደሰ መስተዋቱን መሬት ላይ በግንባሩ ደፋው። እኔ የማስበው ነገር አሳፋሪ ነበር፤ ሸረሪት ናት ተብሎ ቢቀር ምን ነበረበት እያልኩ ነበር።

ከሐረር ወሬ ለመስማት የቀረን ተስፋ የጫት መኪና ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት ይቀራል፣ ዝናብ ይቀራል፣ ከአወዳይ የሚመጣው የጫት መኪና አይቀርም፤ ሹፌሮቹ ተኩስን እንደ ትራፊክ መብራት ነው የሚያዩት። ያን ቀን አሱር ተሰግዶ አልመጣም። ከተማው ሁሉ መንገድ ዳር ወጣ፤ የሚጨነቀው ስለ ኢፍራህ አልነበረም፣ ግን ጭንቀቱ አንድ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ፀሐይዋ ካራማራ ላይ ስትደገፍ ጥሩምባው ተሰማ። ሹፌሩ ከነፈጠጠው ዓይኑ እኛ ግቢ ፊት ቆመ፤ ከኋላ ጫት የሚጠብቀው ሰው ተግተልትሎ ይሮጣል።

“ሳፊያ ልካኝ ነው” አለ። “ጎማ ፈንድቶባቸው፣ ተኩሱ እስኪበርድ ቦይ ውስጥ ተኝተው ነበር። ደርሰዋል። እባብ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። መርፌውን ወግተዋታል።”

“ልጅቷ?” አለ ታደሰ።

“እያፏጨች ነው። ቢርካዬን የነካ ሰው ወየውለት ብላለች ሳፊያ። ልቀቁኝ አሁን፣ እነዚህ ሊበሉኝ ነው።”

አዴር ጃማ ይቅርታ አልጠየቀም፤ የሚጠይቅበት ምክንያትም አይታየኝም። ተነስቶ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠበትን ድንጋይ በበትሩ ፈነቀለው። ከሥሩ የአሸዋ ቀለም ያለው አጭር እባብ ተጠቅልሎ ነበር፤ ቅርፊቱን እያፋጨ ምጣድ ላይ እንደሚንተከተክ ቅቤ ድምጽ አሰማ። በአንድ ምት ገደለው። ከዚያ ባልዲውን አውርዶ ውሃ ቀዳ፣ ጠጣ፣ ለታደሰ ሰጠው። ጋሎኑን ለፍየሎቹ ይዞ ሄደ።

የኢፍራህ መሃል ጣት እንደታጠፈ ቀረ፤ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ በዚያው ጣት የልጆቿን ጆሮ ትቆነጥጣለች ይባላል። ታደሰ ከዝናቡ በኋላ ወንዱን አገኘው። ሸረሪቷ ግን አዲስ አልነበረችም፤ ከህንድ እስከ ብራዚል በሞቃት አገር ጓዳ ሁሉ የምትኖር፣ ሰዎች ከረጅም ጊዜ በፊት ስም የሰጧት ናት። ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ሰነበተ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ደስ አለኝ፤ አዲስ ነገር ከማግኘት ይልቅ ሁሉም ቤት ያለውን ነገር በትክክል ማየት ይከብዳል ብዬ ልከራከረው ሞከርኩ፣ በሩን ዘጋብኝ።

በሩን ያስከፈቱት ሌሎች ናቸው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አዴር ጃማ ፊት ፊት እየመራ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጡና ደጁ ላይ ተቀመጡ። ከወገናቸው አንዱ ቱሊ ጉሌድ አካባቢ የሰው ግመል በአይሱዙ ገጭቶ ገድሏል፤ ካሳው በወገኑ ላይ ተከፋፍሏል።

“እኔ ምን አገባኝ?” አለ ታደሰ።

“መዓሊም፣ ሰው ዋስ ሲያጣ ቢርካ መያዝ ነውር ነው” አለ አዴር ጃማ። “ዳግመኛ እንዳይደርስብህ ብለን ከኛ ጋር ቆጥረንሃል። ወደፊት ቃልህን የሚጠይቅህ ቢኖር እኛን ይጠይቅ። እስከዚያው ድርሻህን አምጣ።”

ታደሰ እኔን አየኝ። እኔ ሰማይ አየሁ። ገባና ፍራሹን ሲያገላብጥ፣ በአማርኛ ሲራገም ሰማነው፤ ሽማግሌዎቹ አማርኛ እንደማይሰሙ ሆኑ። ብሩን ይዞ ወጣ፣ ለአዴር ጃማ ከመስጠቱ በፊት ግን እጁን ያዝ አደረገ።

“ቆይ” አለ ተቆጥቶ። “ለመሆኑ ግመሏን የገጫት ማናችን ነን?”